ከሜሪላንድ ወደ ፔንስልቬኒያ ያልተሻገረው ኢንተርንሺፕ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ
(በዚህ አምድ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ነው። ልጄ አሜሪካ ሐኪም ናት፤ የተማረችው ግን ኦስቲዮፓቲክ በሚባለው የሕክምና ኮሌጅ ነው። በ2013 ተመርቃ ሜሪላንድ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ሦስት ዓመት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊቲ ሠለጠነች፤ ፈቃዷንም እዚያው አውጥታ እስካሁን ስትሠራ ቆይታለች። ባለቤቷ ፊላደልፊያ ሥራ ስላገኘ ቤተሰቡ ተዛወረ። ለፔንስልቬኒያ ፈቃድ ብታመለክት ቦርዱ የመጀመሪያ ዓመት ሥልጠናዋን የሚመለከት ተጨማሪ ማስረጃ አምጪ አላት። ይህን ያህል ዘመን በሽተኛ ስታክም የኖረች ልጅ! እዚህ ጎረቤቶቼ «ድሮውንም የተማረችው የወጌሻ ትምህርት ነው» እያሉ ያሙኛል። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ አራት ኪሎ አግኝቶኝ፣ ዲግሪዋን እዚህ አቻ አስገምቶና ማኅተም አስመትቶ እንደሚያመጣልኝ፣ ያንን ስልክላት ነገሩ እንደሚያልቅ ነግሮኛል። የጠየቀኝ ገንዘብ ቀላል አይደለም። ልክፈለው? ከዚህ ሆኜስ ልረዳት የምችለው ነገር አለ?
የሐኪሟ እናት፣ ከአራዳ

መልስ፦ እመቤቴ፣ አይክፈሉት። በመጀመሪያ ይህን ሰውዬ እንሸኘው።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚመታ ማንኛውም ማኅተም ፔንስልቬኒያ ውስጥ የሚለውጠው ነገር የለም። አቻ ግምት ማለት ውጭ አገር የተገኘ ትምህርት በእኛ አገር በምን ደረጃ እንደሚታይ የሚወሰንበት ሥርዓት ነው። ልጅዎ ግን የምትሠራው በተማረችበት አገር ነው፤ እዚህ የሚገመትላት ምንም ነገር የለም። ደግሞም የአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ቦርዶች ዋና ዋናዎቹን ማስረጃዎች ከአመልካች እጅ አይቀበሉም፤ ከአመልካች እናት እጅማ ጭራሽ። ኮሌጁ የትምህርት ማስረጃዋን በቀጥታ ለቦርዱ ይልካል። ፈታኙ ድርጅት ውጤቷን ይልካል። ያሠለጠናት ሆስፒታል የሥልጠና ኃላፊ ቅጹን ሞልቶ ይልካል። የሜሪላንድ ቦርድ ደግሞ ፈቃዷ የጸና መሆኑንና ቅጣት ያለባት መሆን አለመሆኑን ይጽፋል። ዕድሜዬን የፈጀሁት በሕክምና ተማሪዎች መዝገብ ቤት ስለሆነ ይህን ጥንቃቄ ከልቤ አከብረዋለሁ። ማኅተም የሚቀርጽ ሰው የማይገኝበት ከተማ በዓለም ላይ የለም።

አሁን ወደ ጎረቤቶችዎ። በእርግጥ ነገሩ ሲጀመር ከእጅ ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። አንድሩ ቴይለር ስቲል የተባለ ሐኪም በ1874 በዘመኑ የነበረውን የመድኃኒት አሰጣጥ ተቃውሞ የራሱን የሕክምና አስተሳሰብ አወጀ፤ በ1892 በሚዙሪ ግዛት ኪርክስቪል በተባለች ከተማ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ። አጥንትንና ጡንቻን በእጅ እያስተካከሉ ማከም የትምህርቱ ዋና አካል ነበር። ያ ግን የቅድመ አያት ዘመን ታሪክ ነው። ዛሬ የኦስቲዮፓቲክ ኮሌጅ ተማሪ እንደማንኛውም የሕክምና ተማሪ አራት ዓመት ይማራል፤ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ያደርጋል፣ ያዋልዳል። በዚያ ላይ 200 ሰዓት ያህል የእጅ ሕክምና ይማራል። ዲግሪው ዲ.ኦ. ይባላል፤ ኤም.ዲ. ከሚባለው ከተለመደው የሕክምና ዲግሪ ጋር በሃምሳዎቹም ግዛቶች እኩል ሙሉ የሐኪም ፈቃድ ያሰጣል። ከአሜሪካ የሕክምና ተማሪዎች ከአራት አንዱ የሚማረው በእነዚህ ኮሌጆች ነው። ጎረቤቶችዎ ቡና ሲጠሩዎት ይህን ይንገሯቸው። የአገራችንን ወጌሻ የሚንቁበት ምክንያትም ለእኔ አይገባኝም፤ የስንት ሰው ክንድ የገጠመ ባለሙያ ነው።

እኩልነቱ ግን በአንድ ቀን አልመጣም፤ የመጣውም በየግዛቱ እየተንጠባጠበ ነው። ቨርሞንት በ1896 ለኦስቲዮፓቶች ፈቃድ በሕግ ስትፈቅድ የመጀመሪያዋ ነበረች። ሌሎቹን ለማሳመን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የሚገርመኝ የካሊፎርኒያ ነገር ነው። በ1962 እዚያ የነበሩ ሁለት ሺህ ያህል ዲ.ኦ. ሐኪሞች 65 ዶላር እየከፈሉ ዲግሪያቸውን በኤም.ዲ. ለወጡ፤ ኮሌጃቸውም ወደ ኤም.ዲ. ትምህርት ቤት ተቀየረ። ግዛቲቱ ከዚያ በኋላ ለአዲስ ዲ.ኦ. ፈቃድ መስጠት አቆመች። በ1974 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሩን መልሶ አስከፈተው። በ65 ዶላርና በአንድ ወረቀት የሚሰረዝና የሚመለስ ልዩነት ከሆነ፣ መጀመሪያውኑ የሕክምና ችሎታ ልዩነት አልነበረም ማለት ነው።

ታዲያ ሜሪላንድ የተቀበለችውን ሥልጠና ፔንስልቬኒያ እንደገና የመጠየቅ ሥልጣን ከየት አመጣች? ይህ የቆየ ጉዳይ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ዴንት የተባለ ሐኪም ነበር፤ የግዛቱ ቦርድ «የተማርክበት ኮሌጅ አይታወቅልንም» ብሎ ከለከለው። ሰውዬው ሥራውን ቀጠለ፣ ተከሰሰ፣ 50 ዶላር ተቀጣ፣ እየተከራከረ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1889 ግዛቶች ማን ማከም እንደሚችል የመወሰን ሥልጣን አላቸው ብሎ ፈረደበት። ፍርዱ ዛሬም ጸንቶ ይሠራል። የመንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ከሜሪላንድ ተነሥቶ እስከ ካሊፎርኒያ ይነዳል፤ የሐኪም ፈቃድ ግን የግዛቱ ድንበር ላይ ይቆማል። ልጅዎ ያመለከተችው እንደ አዲስ ሰው ነው፤ ፔንስልቬኒያ ሜሪላንድን ሰደበቻት ማለት አይደለም።

ዋናው ቋጠሮ «የመጀመሪያ ዓመት ሥልጠና» የሚለው ላይ ነው። እኛ አገር ኢንተርን የምንለው ገና ያልተመረቀውን፣ በመጨረሻው ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ሌሊቱን የሚያድረውን ተማሪ ነው። አሜሪካ ግን ኢንተርንሺፕ የሚባለው ከምረቃ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ዓመት ነው። የአሜሪካ ዲ.ኦ. ሐኪሞች ማኅበር (ከዚህ በኋላ ኦስቲዮፓቲክ ማኅበሩ የምለው) ለረጅም ጊዜ የራሱን ኢንተርንሺፕ ያስኬድ ነበር፤ ሠልጣኙ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በማህፀንና ጽንስ፣ በሕፃናትና በድንገተኛ ክፍል እየተዘዋወረ ይሠራል። እንደ ፔንስልቬኒያ፣ ሚሺጋን፣ ኦክላሆማ፣ ፍሎሪዳና ዌስት ቨርጂኒያ ያሉ ግዛቶች ደግሞ ዲ.ኦ. ሐኪም ፈቃድ ለማግኘት ይህን የማኅበሩን ዓመት መጨረስ አለበት የሚል ደንብ ነበራቸው። ሜሪላንድ ለሁሉም ሐኪም አንድ ቦርድ ብቻ ስላላት ይህን ልዩነት አታደርግም። ፔንስልቬኒያ ግን ሁለት ቦርድ አላት፤ አንዱ ለኤም.ዲ.፣ ሌላው ለዲ.ኦ. ነው። ልጅዎ የገጠማት ሁለተኛው ነው።

ልጅዎ በ2013 ሥልጠናዋን ስትጀምር ሁለት ዓይነት የሥልጠና እውቅና ነበር። አንዱን የሚሰጠው ኦስቲዮፓቲክ ማኅበሩ፣ ሌላውን በምሕጻር ኤ.ሲ.ጂ.ኤም.ኢ. የሚባለው ምክር ቤት ነበር። ስለ ሆስፒታሉ ከጻፉልኝ እንደምገምተው የሠለጠነችው በሁለተኛው ሥር ነው፤ ከሕክምና ችሎታ አንጻር ምንም የሚጎድለው ነገር የለም። ሁለቱ ተቋማት በ2014 ተስማምተው ሥልጠናውን ወደ አንድ ማምጣት ጀመሩ፤ ሽግግሩም በ2020 ሰኔ መጨረሻ ተጠናቀቀ። ዛሬ የሚመረቁት ልጆች ይህ ጣጣ የለባቸውም። ከዚያ በፊት የሠለጠኑት ግን የድሮው ደንብ ጅራት ይዟቸዋል።

ሐሳቤን ከጠየቁኝ ደንቡ ጊዜው ያለፈበት ነው። ድሮ ምክንያት ነበረው፤ ዲ.ኦ. ሐኪሞች በብዙ ሆስፒታሎች በር ሲዘጋባቸው የራሳቸውን ሆስፒታሎች ገነቡ፤ ሠልጣኝ እንዳያጡም ደንቡ ይጠብቃቸው ነበር። በሩ ሲከፈት አጥሩ ሳይፈርስ ቀረ። ነገር ግን እኔ ስለተናደድኩ ደንብ አይሻርም፤ የሚጠየቀውን መስጠት ነው።

ስለዚህ ይህን ይንገሯት። በመጀመሪያ ደብዳቤውን በጥሞና ታንብበው። ማስረጃ አምጪ መባል ማመልከቻው አልተሟላም ማለት ነው፤ ተከለከልሽ ማለት አይደለም። ተናድዳ ማመልከቻዋን እንዳትሰርዝ! ወደፊት በማንኛውም ግዛት ስታመለክት «ፈቃድ ተከልክለሽ ወይም ማመልከቻ ሰርዘሽ ታውቂያለሽ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃታል፤ አንዴ «አዎ» ካለች ዕድሜ ልኳን ስታብራራ ትኖራለች።

ቀጥሎ ከሜሪላንዱ ሆስፒታል የመጀመሪያ ዓመቷ ወር በወር የት የት ክፍል እንደሠራች የሚያሳይ፣ በሥልጠና ኃላፊው የተፈረመ ዝርዝር ታስልክ። በውስጥ ደዌ የሚሠለጥን ሰው በመጀመሪያው ዓመት ማህፀንና ጽንስ ላይ ላይመደብ ይችላል፤ ቦርዱ የሚፈልገውም ይህንኑ ማየት ሊሆን ይችላል። ለኦስቲዮፓቲክ ማኅበሩም ትጻፍ። ማኅበሩ በ2000 «ውሳኔ ቁጥር 42» የሚባል መንገድ ከፍቶ ነበር፤ የመጀመሪያ ዓመቱን በኤ.ሲ.ጂ.ኤም.ኢ. ሥር የሠራ ዲ.ኦ. ምክንያቱን አስረድቶ ዓመቱ እንደ ማኅበሩ ኢንተርንሺፕ እንዲቆጠርለት ያመለክታል። የፔንስልቬኒያው ቦርድ ይህን ወረቀት ይፈልግ እንደሆነ፣ ወይስ የክፍሎቹ ዝርዝር ይበቃው እንደሆነ፣ በጽሑፍ ትጠይቀው። በስልክ የተሰጠ መልስ ከስልኩ ጋር ይዘጋል። ያሠለጠናት ክፍል ተዘግቶ ከሆነም አትደንግጥ፤ የተዘጉ ሥልጠናዎችን መዛግብት የግዛት ቦርዶች ፌዴሬሽን ተረክቦ የሚይዝበት አሠራር አለ። እዚያው ፊላደልፊያ ሃነማን የተባለው ትልቅ ሆስፒታል በ2019 ሲዘጋ ከ500 በላይ ሠልጣኝ ሐኪሞች ተበትነዋል።

ሌላም በር አለ። ብዙ ግዛቶች የፈጠሩት የሐኪሞች ፈቃድ ስምምነት ከ2017 ጀምሮ ይሠራል፤ በአንዱ አባል ግዛት ፈቃድ ያለው ሐኪም እሱን መነሻ አድርጎ በሌሎቹ ፈጠን ብሎ ፈቃድ የሚያገኝበት መንገድ ነው። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሐኪም የፈተናውን እያንዳንዱን ክፍል በሦስት ሙከራ ውስጥ ያለፈ፣ የስፔሻሊቲ ቦርድ ማረጋገጫ ያለውና መዝገቡ ንጹሕ የሆነ መሆን አለበት። ለልጅዎ የሚጠቅማት ነገር ስምምነቱ በኤ.ሲ.ጂ.ኤም.ኢ. ሥር የተሠራንም በማኅበሩ ሥር የተሠራንም ሥልጠና እኩል መቁጠሩ ነው። መነሻ የሚሆናት ግዛት የትኛው እንደሆነ ግን ከመክፈሏ በፊት ታጣራ፤ ስትዛወር መኖሪያዋም ተለውጧል።

እስከዚያው ቤት መዋል አይጠበቅባትም። የጦር አርበኞች ሆስፒታሎች የፌዴራል መንግሥት ስለሆኑ ከየትኛውም ግዛት የጸና ፈቃድ ያለውን ሐኪም ይቀጥራሉ፤ ፊላደልፊያም አንድ አለ። የሜሪላንድ ታካሚዎቿን በቪዲዮ ማየትም ትችላለች፤ ሕጉ የሚያየው በሽተኛው የተቀመጠበትን ቦታ ነው። በዚያው ሕግ ግን ፊላደልፊያ ያለችው የሰንበት ማኅበር ጓደኛዋ ደም ግፊቷን በስልክ ብታማክራት መልሱ «ሐኪምሽ ጋ ሂጂ» ብቻ ነው። እርስዎም፣ እመቤቴ፣ የጎረቤት ላቦራቶሪ ውጤት ፎቶ እያነሡ ሲልኩላት ከነበረ ለጊዜው ቢተዉላት ጥሩ ነው።

ለእርስዎ የቀረ ሥራ አለ፤ ደላላውም ያልነገረዎት ይህንኑ ነው። የእኛ ስም አጻጻፍ ፈረንጆቹን ግራ ያጋባቸዋል። ልጅዎ ኮሌጅ ስትገባ የአያቷ ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ተመዝግቦ ይሆናል፤ ሥልጠና ላይ የአባቷ፤ አሁን ደግሞ ምናልባት የባለቤቷ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ሰነድ ላይ አንድ «ኤስ»፣ ሌላው ላይ ሁለት። ሦስት ሰነድ ላይ ሦስት ሰው የምትመስል አመልካች ፋይሏ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ሰርጓ እዚህ ከነበረ የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን፣ እንዲሁም የልደት ምስክር ወረቀቷን ከሲቪል ምዝገባ ያውጡ፤ ስሟ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል፣ ተጽፎ እንደሆነ መስኮቱን ሳይለቁ ያመሳክሩ። ከዚያ አስተርጉመው ወደ ውጭ ለሚላክ ሰነድ የሚደረገውን ማረጋገጫ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያስመቱበትና ይላኩላት። ለዚህ ጉዳይ አስፈጻሚ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ማልዶ መነሣትና ለመሰለፍ የሚመች ጫማ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ አካባቢ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪውን ጨርሶ አንድ ኦስቲዮፓቲክ ኮሌጅ ተቀብሎታል። ይግባ ወይስ ኤም.ዲ. እስኪያገኝ ይጠብቅ? እኔ ደግሞ እዚህ ሕክምና የሚማር ጓደኛ አለኝ፤ እሱስ በዚህ መንገድ መሄድ ይችላል?
መምህር ነኝ

መልስ፦ መምህር፣ በእኔ ግምት ይግባ። ከመግባቱ በፊት ግን ምን እንደሚፈተን ይወቅ። ዲ.ኦ. ለመሆን ኮምሌክስ የሚባለውን ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው፤ ኤም.ዲ. ተማሪዎች የሚወስዱትን ዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ. መጨመር የራሱ ምርጫ ነው። የሁለቱም የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ከ2022 ጀምሮ ውጤቱ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ብቻ ሆኗል። እንደ አንዳንድ የቀዶ ሕክምና ዘርፎች ፉክክሩ የከረረበት ስፔሻሊቲ የሚያስብ ከሆነ ሁለቱንም ቢወስድ ይበጀዋል፤ አንዳንድ የሥልጠና ኃላፊዎች የለመዱትን ውጤት ማየት ይመርጣሉና። የቤተሰብ ሐኪም ወይም የውስጥ ደዌ ሐኪም መሆን ከፈለገ አንዱ ፈተና ይበቃዋል። በልጃቸው ጉዳይ የጻፉልኝ እናት የደረሰባቸው ነገር እሱን አያገኘውም። ክፍያውን ግን አጥብቀህ ጠይቀው፤ ዜግነት ወይም ቋሚ መኖሪያ የሌለው ተማሪ በአብዛኛው የፌዴራል የትምህርት ብድር አያገኝም።

ጓደኛህ ግን ዲ.ኦ. ሊሆን አይችልም፤ እዚህ የሚመረቀው በኤም.ዲ. ነው፤ ዲ.ኦ. የሚገኘው እዚያው ኮሌጅ ገብቶ ሲማሩ ብቻ ነው። የእሱ መንገድ የውጭ አገር ምሩቃንን ማስረጃ በሚያጣራው ተቋም በኩል ዩ.ኤስ.ኤም.ኤል.ኢ. አልፎ የስፔሻሊቲ ሥልጠና ማግኘት ነው። ብዙ ግዛቶችም ከውጭ ምሩቅ ከአሜሪካ ምሩቅ ይልቅ ረዘም ያለ የሥልጠና ዘመን ይጠይቃሉ። ከመሄዱ በፊት የትምህርት ቤቱን መዝገብ ቤት ሠራተኛ በጨዋ ቋንቋ ይተዋወቅ፤ ለዓመታት ደብዳቤ የሚጽፍለት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሱቄ ስታዲየም ጀርባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ወገቤ አስቸግሮኛል። ከለንደን ለዕረፍት የመጣ የአክስቴ ልጅ ኦስቲዮፓት ነው፤ ላክምህ ይለኛል። ባለፈው እትም ኦስቲዮፓቶች ሙሉ ሐኪም ናቸው ተብሎ አንብቤ ነበር። ልመነው?
ባለሱቁ

መልስ፦ ያነበብከው ስለ አሜሪካዎቹ ነው። እንግሊዝ አገር ኦስቲዮፓት ሐኪም አይደለም፤ በ1993 በወጣ የራሱ ሕግ የሚተዳደር፣ በራሱ ምክር ቤት የሚመዘገብ የእጅ ሕክምና ባለሙያ ነው። ያልተመዘገበ ሰው በስሙ መጠራት እንኳ አይፈቀድለትም። መዝገቡን ማንም ሰው በኢንተርኔት ማየት ይችላል፤ የአክስትህ ልጅ ስሙ ካለበት ለተራ የወገብ ሕመም ቢያሽህ ክፋት የለውም። የሐኪም ፈቃድ ግን አይደለም፤ እዚህ አገር ክሊኒክ ከፍቶ ሊሠራበትም አይችልም። ሕመሙ ወደ እግርህ ወርዶ እግርህ መድከም ከጀመረ፣ ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ፣ በብልትህና በመቀመጫህ ዙሪያ ከደነዘዘህ ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት ለማንም እጅ አትስጠው፤ ሱቁን ዘግተህ በዚያው ቀን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግባ።